የተዘጋው ሳጥን

ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ከመድረሳ መምህር ብዕር በማይጠበቅ ጉዳይ ላይ ነው፤ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ! «ኡስታዙን ደግሞ ምን ነካቸው?» የምትሉ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። እስቲ ታገሡኝና ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት አትክልት ተራ ነው። የእህቴ ባል፣ አላህ ይዘንለትና፣ እዚያው የቲማቲም ጅምላ ነጋዴ ነበር። ከመቂና ከዝዋይ የተነሡት አይሱዙዎች በሌሊት ሲገቡ፣ እሱ ከሱብሒ በፊት ቦታው ላይ ነው። ቲማቲም የሚመጣው በእንጨት ሳጥን ነበር። በዚያ ንግድ ደግሞ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ እናንተም ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ቀዩና ጠንካራው ከላይ ይደረደራል፤ የተጨፈለቀውና የሻገተው ከሥር ይደበቃል። ገዥው ቤቱ ገብቶ ሲያራግፍ ነው ጉዱን የሚያየው። አማቼ ግን ገዥ በመጣ ቁጥር ሳጥኑን ሸራ ላይ ገልብጦ ያሳይ ነበር። ጎረቤት ነጋዴዎች «ይህ ሰው ዕቃውን በገዛ እጁ ያቆስላል» እያሉ ይስቁበታል። እውነትም ሲገለበጥ ጥቂቱ ይፈነዳል። የፈነዳውን በዘንቢል ቤት ያመጣዋል፤ እህቴም ስልስ ትሠራዋለች። እኛ ቤት ስልስ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

እሱ በ2009 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄደ። ገበያውም ብዙ አልቆየም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ንግዱ ለጊዜው ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተወሰደ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱን ጣቢያውን በአትክልት ተራ ስም ጠርቶት ነበርና፣ ስሙ እንኳ ለጣቢያው ተረፈ።

የእህቴ ልጅ አባቱን ሲያጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያሳደግሁት እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ፤ ያሳደግሁት ግን ከኢንተርኔት ቤት እየጎተትሁ ነው። የሚጫወተው ጨዋታ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ በአንድ ጊዜ የሚገቡበት፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚኖርበት ዓይነት ነው። አንድ ቀን ከኢሻ ሶላት በኋላ ሄጄ በጆሮው ይዤ ሳወጣው «አጎቴ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቶኝ ነበር!» ብሎ አለቀሰ። አንድ ደረጃ ብቻ! ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ይኸው ልጅ አድጎ፣ የኮምፒውተር ትምህርት ተምሮ፣ ባለፈው ዓመት ከአንድ ጓደኛው ጋር መጣና ገንዘብ እንዳበድረው ጠየቀኝ። «አትክልት ተራን በጨዋታ ውስጥ እንደገና ልናቆመው ነው» አለኝ። ሰው ከያለበት ይገባል፤ አንዱ ኩሊ፣ አንዱ ደላላ፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ጅምላ ነጋዴ ይሆናል። በጊዜው የእቁብ እጣ ደርሶኝ ነበር። ገንዘቡን ያሰብሁት ግን ልጆች ለማስቀራበት ክፍል ጣሪያ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በሦስት ቦታ ያፈስሳል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ጣሪያ ወይስ ጨዋታ?

«እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለቴ በፊት እንዲያስተምረኝ ጠየቅሁት። ማታ ማታ ደብተር ይዤ እቀመጥ ጀመር። ያስተማረኝን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያኔ ሥዕል እንኳ አልነበረውም፣ ጽሑፍ ብቻ። በ1997 «አልቲማ ኦንላይን» የሚባለው ሲወጣ ሠሪዎቹ ትልቅ ነገር አስበው ነበር። በጨዋታው ዓለም እንስሳቱ ሣር ይግጣሉ፣ ተኩላው እነሱን ያድናል፤ ሁሉም በተፈጥሮ ሥርዓት ይኖራል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጨዋታው ሲከፈት ተጫዋቾቹ ግር ብለው ገብተው ያገኙትን እንስሳ ሁሉ ፈጁት። የተደከመበትን ሥርዓት ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ በኋላም አወጡት። በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ደግሞ አዲስ ነገር በመፍጠር ሳይሆን የነበረውን በማለስለስ ነው ዓለምን የያዘው። አውሬ ግደል፣ ደረጃ ውጣ፣ የተሻለ ሰይፍ ያዝ፤ ከበድ ያለ አውሬ ሲመጣ ጓድ ሰብስብ፤ አንዱ ፊት ቆሞ ምቱን ይቀበል፣ አንዱ ያክም፣ ሌላው ያጥቃ። በ2010 አሥራ ሁለት ሚሊዮን ከፋዮች ነበሩት። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ቀመር ሲቀዳ ኖረ፤ የሚበዛው ግን ከሰረ። ሰው ዋናው እያለለት ቅጂውን ምን ያደርገዋል?

በጣም ያስገረመኝ ግን የ«ስታር ዋርስ ጋላክሲስ» ታሪክ ነው። በ2003 ሲወጣ ከሠላሳ በላይ ሙያዎች ነበሩት፤ ሰው ሳይዋጋ ነጋዴ ወይም ባለ እጅ ሆኖ መኖር ይችል ነበር። በ2005 ባለቤቶቹ ብዙ ሰው እናምጣ ብለው ሁሉን አፍርሰው ሙያዎቹን ዘጠኝ አደረጓቸው፤ ወደ ለመደው ቀመር አቀረቡት። ሱቁን በዓመታት ያቆመ ተጫዋች አንድ ጧት ሲነሣ ሙያው የለም! ነባሮቹ ጥለውት ሄዱ፤ አዲሶቹም የታሰበውን ያህል አልመጡም። በ2011 ተዘጋ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። ጃንሜዳን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ዝም አልሁ።

ከእኛም አገር ምሳሌ አላጣም። እዚሁ አዲስ አበባ ያሉት የ«ቅኔ ጌምስ» ልጆች በ2018 «ኩኩሉ» የሚል የስልክ ጨዋታ አውጥተዋል፤ ዶሮዋ ከገበሬው ታመልጣለች። እየሮጡ መሰናክል መዝለሉ ከ2011ዱ «ቴምፕል ረን» ጀምሮ ዓለም የለመደው ነው። ሩጫው የውሰት ነው፤ ዶሮዋ ግን የእኛ ናት። ይህቺን አነጋገር ለልጁ ብነግረው ወደዳት።

የሁለቱ ጓደኛሞች ጠብ እዚህ ላይ ነው። ጓደኛው «የተፈተነውን እንያዝ፤ ሰይፍና አውሬ እናስገባ» ይላል። የእህቴ ልጅ «አትክልት ተራ ውስጥ ምን አውሬ አለ?» ይላል። (አይጥ ነበር፤ ግን አስታራቂ መስዬ ዝም አልሁ።)

ስለ ቢድዓ የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዲን ጉዳይ የተላለፈልንን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ የቲማቲም ሳጥንና የኮምፒውተር ነገር ግን የዱንያ ጉዳይ ነው። የጨዋታን ሑክም ለዑለሞች እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ማስተማር ነው፤ በማስተማር ደግሞ ይህ ጠብ በእኔው ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ሐርፎቹን በዜማ እያስደገሙ ማስቀራቱ ያረጀ መሰለኝና ትቼው በሥዕል ካርድ ብቻ ማስተማር ጀመርሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ወር ሞላ፤ ሐርፉን ለይተው ያውቁታል፣ ሲያገጣጥሙት ግን ይንተባተባሉ። ዜማው ለካ ምላሳቸውን ያለማምድ ኖሯል! አፍሬ ዜማውን መለስሁ፤ ካርዱን ግን አልጣልሁም።

ስለዚህ «ሥሩና ልጆቹ ላይ ሞክሩት» አልኋቸው። አንድ ቅዳሜ ከቂርኣት በኋላ ስምንት ልጆች አስቀመጥን። መጀመሪያ የእህቴን ልጅ ሥራ ከፈቱ። ገበያው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሸራው፣ ጋሪው፣ የጎመኑ ክምር። ደረጃ የለ፣ ውጊያ የለ። ልጆቹ «ምን ልሥራ?» አሉ። «የፈለጋችሁትን» ተባሉ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ተነሥተው ኳስ ፍለጋ ሄዱ። ልጁ ፊቱ ቀላ። ቀጥሎ የጓደኛውን ከፈቱ፤ ሰይፉ፣ አውሬው፣ ደረጃው። የዐስር አዛን ሲል አንዱ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ አልነሣም አለ። «ኡስታዝ፣ አንድ ደረጃ ብቻ!» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያቺን ቃል ከስንት ዓመት በኋላ ስሰማት ሰውነቴ ቀዘቀዘ። «የተፈተነ» እንላለን፤ ግን ለምን የተፈተነ? ያ ቀመር ሰውን ይዞ ለማስቀረት ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ እሱን አልክድም። ይዞ አስቀርቶ ምን ያደርገዋል የሚለው ግን በፈተናው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተስማምተው ሌላ ነገር ሠሩ። ተጫዋቹ በኩሊነት ይጀምራል፤ ሳጥን ያወርዳል፣ ያጠራቅማል፣ ደረጃ እየወጣ ነጋዴ ይሆናል። ይህ የታወቀው መንገድ ነው፤ ልጅ ገብቶ አይጠፋበትም። ነጋዴ ሲሆን ግን አዲሱ ነገር ይመጣል፤ ሳጥኑን መገልበጥ ይችላል። ከገለበጠ ጥቂት ቲማቲም ይፈነዳበታል፣ ይከስራል። ያላጭበረበረውን ገዥ ግን ጨዋታው ያስታውሰዋል፤ ገዥውም ደግሞ ይመጣል፣ ለሌሎቹም ይናገራል። ሰባኪ የለበትም። ሌላም ጨመሩ፤ የዕለቱ ጭነት ሲያልቅ ገበያው ይዘጋል፣ እስከ ነገ መኪና አይገባም። ጓደኛው «ተጫዋቹን በር ዘግቶ የሚያስወጣ ጨዋታ ማን ሠርቶ ያውቃል?» ብሎ ሁለት ሳምንት አኩርፎ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም አልተሳሳተ ይሆናል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የገንዘቡ ነገር የመጣው። ጓደኛው «እንጀራችን ከየት ይመጣል?» አለና አሁንም የተፈተነውን አመጣ። የተዘጋ ሳጥን ለተጫዋቾች በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ ምን እንዳለበት ከፍለው እስኪከፍቱት አያውቁም። አንዱ ብርቅ ነገር ያገኛል፣ መቶው ብስባሽ። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ገቢ ከዚህ መሆኑን አስረዳኝ። ቤልጅግ በ2018 ይህንን ቁማር ነው ብላ እንደከለከለች፣ ልጆቻችን የሚያውቁት ፊፋ ሳይቀር በዚያ አገር መሸጡን ለማቆም እንደተገደደ ደግሞ ራሱ የእህቴ ልጅ አንብቦ ነገረን።

እኔ ግን ቤልጅግ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥቡን ያገኙበትን ታሪክ ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! «ልጄ፣ አባትህን በጨዋታህ ውስጥ ሳጥን ሲገለብጥ ታሳያለህ፤ አንተ ደግሞ ከውጭ ሆነህ የተዘጋ ሳጥን ትሸጣለህ?» አልሁት። አልመለሰልኝም። ጓደኛው ግን «ኡስታዝ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ግን የሰርቨሩን ኪራይ ማን ይከፍላል?» አለኝ። ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ዝም ብዬ መከልከል ቀላል ነው፤ የሚከፍለው እነሱ ናቸውና። በየወሩ ጥቂት ብር የታወቀ ክፍያ ይሁን ተባባልን። በዚህ ስንት ሰው እንደሚመጣ አላህ ያውቃል።

የእቁቡን ግማሽ ሰጠሁት። በግማሹ ጣሪያውን ከሦስቱ ቀዳዳ ሁለቱን አስደፈንሁ። ሦስተኛው ሥር ባልዲ አለ።

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ «አጎቴ፣ የአባቴ ቦታ የት ላይ እንደነበር ያሳዩኝ፤ በትክክል ላስቀምጠው» አለኝ። ወረድን። የማውቀው ሸራና ጋሪ የለም፤ ምልክት የማደርገው ነገር አጣሁ። ከባቡሩ ሐዲድ ተነሥቼ በእርምጃ ቆጠርሁና «እዚህ ነው» አልሁት። እሱ «የለም፣ ሦስት እርምጃ ወደዚያ ነበር፤ ውኃው የሚወርደው በግራችን ነበር» አለኝ። ተከራከርን። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ምን እንደጠፋብን ጠየቀን። በመጨረሻ እኔ ተሸነፍሁ፤ ልጁ ባለበት ቆመና በስልኩ ላይ ምልክት አደረገ።