ዳኛው «እንዴት ነዎት?» ሲሉ



ሰሞኑን በማክሰኞ ማታ የቤት ኅብረታችን፣ ከቃሉ ጥናት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው የሐኪም ወረቀት ነው። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ወንድማችን የፊታችን ሐሙስ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሡ ጀርባቸው ተጎድቶ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ለዲስኤቢሊቲ ያቀረቡት ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያው ማመልከቻ ካልተሳካ «እንደገና ይታይልኝ» ይባላል፤ እሱም ካልሆነ በ60 ቀን ውስጥ ዳኛ እንዲሰማው ይጠየቃል። ዳኛው ቀድሞ በተወሰነው አይታሰሩም፤ ነገሩን እንደ አዲስ አይተው ራሳቸው ይወስናሉ። እንግዲህ ጋሼ ቀርበው በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት ዋናው ቀን ይህ ነው፤ የቤት ኪራዩም ይህን ቀን እየጠበቀ ነው።

አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ እንደ ዳኛ ሆኖ ጠየቃቸው። «እንዴት ነዎት?» «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።» «ጀርባዎስ?» «ተመስገን ነው።» «ምን ያህል መቆም ይችላሉ?» «ኧረ እችላለሁ፣ እሱ ያስችላል!» ሳቅን። ከዚያ የሐኪሙን መዝገብ ስናገላብጥ ሳቁ ቀረ። በሦስት የተለያዩ ቀናት ሐኪሙ «ደህና ነኝ ብለዋል» ብሎ ጽፏል። የእኛ ሰው ምስጋና እንግሊዝኛ ሲሆን የሕክምና ማስረጃ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

«ደህና ነኝ» በእኛ ቋንቋ ሰላምታ እንጂ ሪፖርት አይደለም። በአማኞች ዘንድ ደግሞ ከሰላምታም ያልፋል። ሕመምን በአፍ መናገር አለማመን የሚመስለው ብዙ ነው። ጋሼ ያን ማታ ያነሡት ጥያቄ ጸጥ ያሰኘን ለዚህ ነው፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ጉባኤ ላይ ተጸልዮልኝ፣ ሕመሙ ለቆኝ፣ ማይክ ይዤ መስክሬአለሁ። አሁን ቀኝ እጄን አንሥቼ ምዬ፣ ታምሜአለሁ ልበል?»

ቶሎ የመለሰላቸው አልነበረም። በኋላ ማርቆስ 5ን ከፈትን። ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ተፈውሳ ልትሄድ ስትል ጌታ አስቆማት፣ እርስዋም እውነቱን ሁሉ ነገረችው። ማርቆስ ነገሩን እንደ ሐኪም መዝገብ አድርጎ ነው የጻፈው፦ 12 ዓመት፣ ብዙ ሐኪሞች፣ ያላት ገንዘብ ሁሉ ማለቁ፣ ይባስ ብሎ መክፋቱ። ይህን ሁሉ መዘርዘር የእምነትዋን ዋጋ አልቀነሰውም፤ እንዲያውም ጌታ «ልጄ» ብሎ የጠራት ከዚያ በኋላ ነው። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ እንዳልተወሰደለት ለቆሮንቶስ ሰዎች በደብዳቤ ጽፎላቸዋል፤ ደብዳቤው በጉባኤ እንደሚነበብ እያወቀ። የጋሼ ምስክርነት ውሸት አልነበረም፤ ያን ቀን ሕመሙ ለቋቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ አለ። ዳኛው የሚጠይቁት ስለ ዛሬው ነው።

በሌላ በኩል የሚመጣም ፈተና አለ። «ዱላ ይዘው ይግቡ፣ ሲቀመጡ ያቃስቱ» ብሎ የመከራቸው የሚያውቁት ሰው አለ። ጋሼ በዱላ አይሄዱም። «የሌለኝን ዱላ ይዤ ገብቼ፣ ማታ ምን ብዬ እጸልያለሁ?» አሉን። በዚህ ላይ ብዙ መወያየት አላስፈለገንም።

ስለዚህ ልምምዱን ቀየርነው። «በጣም ያመኛል» የሚለውን ትተን በቁጥርና በነገር እንዲናገሩ አደረግን። ስንት ደቂቃ ቆሙ? ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ? በሳምንት ስንቱ ቀን ክፉ ነው? ካልሲ የሚያደርጉላቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ ይህን ለመናገር ሁለት ማክሰኞ ፈጀባቸው። እሑድ የሁለት ሰዓቱን አምልኮ ቁጭ ብለው መጨረስ ስለማይችሉ በየመሐሉ እየተነሡ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። አዲስ የመጣ ሰው አስተናጋጅ ይመስሉታል። በችሎቱ ብዙ ጊዜ የሥራ ዓይነቶችን የሚያውቅ ባለሙያ ይቀርባል፤ ዳኛው «ይህን ያህል ብቻ መቆም፣ ይህን ያህል ብቻ መቀመጥ የሚችል ሰው ምን ሥራ ይሠራል?» ብለው ይጠይቁታል። ደቂቃው የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

አስተርጓሚም ጠይቀናል፤ በነፃ ነው የሚሰጠው። ጋሼ ለገበያና ለባቡር የሚሆን እንግሊዝኛ አላቸው። ግን «ይቆረጥመኛል»፣ «ይወጋኛል» እና «ይደነዝዘኛል» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በገበያ እንግሊዝኛ ሦስቱም «ያመኛል» ብቻ ይሆናሉ። የቀረው ወረቀት ከችሎቱ 5 የሥራ ቀን በፊት መግባት ስላለበት ጠበቃቸው ባለፈው ሳምንት አስገብተዋል።

አንዳንድ ወገኖች «የመንግሥት ምጽዋት አማኝን ያሳፍራል» ሲሉ እንሰማለን። ጋሼ የጠየቁት ሲሠሩ ከየደመወዛቸው ሲቆረጥ ከኖረው ነው፤ ኢንሹራንስ እንጂ ምጽዋት አይደለም። ምጽዋትም ቢሆን ኖሮ ባላሳፈረ! ይግባኝ ማለትስ ቢሆን? በሐዋርያት ሥራ 25 ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ሲል በሕጉ የተሰጠውን መብት ተጠቀመ እንጂ ጌታን አልተወም።

ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ አብረን አንገባም። ሁለታችን ከሥራ ፈቃድ ወስደናል፤ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚለጠጥ መኪና ተገኝቷል፣ መንገድ ላይ ቆም እያልን እንድንሄድ ቀደም ብለን እንነሣለን። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ያኑ ዕለት አይነገርም፣ በኋላ በፖስታ ይመጣል።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የምታስቡን ቅዱሳን፣ ለጋሼ አንደበት፣ ለአስተርጓሚው ጆሮ ጸልዩልን። ዳኛውንም አትርሷቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ሲሰሙ የሚውሉ ሰው ናቸው።