በስድስት ካሬ ተኩል ውስጥ፦ የፍራንክፈርቱ ወጥ ቤት

ፍራንክፈርትን ብዙዎቻችን የምናውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። ለትራንዚት ጥቂት ሰዓት ቆይተን፣ ቸኮሌትና ሽቶ ገዝተን እናልፋታለን። ዘመድ ያለን ደግሞ የባንኮቹን ፎቆችና የማይን ወንዝን አይተን፣ ገበያ ወጥተን እንመለሳለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለፈው ጉዞዬ ግን እህቴን "አንድ ወጥ ቤት ማየት እፈልጋለሁ፤ ውሰጂኝ" አልኳት። ሳቀችብኝ። "ወጥ ቤት ለማየት ነው ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የመጣሽው? የእኔን እይው፣ ስታበቂም ዕቃ እጠቢልኝ!"

ከመሀል ከተማ ዩ-አንድ የሚባለውን ባቡር ይዘን ሮመርሽታት ወረድን። ከኒዳ ወንዝ ሸለቆ በላይ የተሠራ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ነጫጭ ቤቶች፣ ከኋላቸው ጠባብ ጓሮ። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1927 እና 1928 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ቤት ጠፍቶባት ነበርና አርክቴክቱ ኤርንስት ማይ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ቤቶች አሠራ። የእኛን ኮንዶሚኒየም ያስታውሳል፤ ለብዙ ሰው፣ በአነስተኛ ወጪ፣ በፍጥነት። ከቤቶቹ አንዱ በስሙ ተሰይሞ እንደ ጥንቱ ታድሷል፤ ለጎብኚም ይከፈታል። በየቀኑ ስለማይከፈት አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል።

ወጥ ቤቱ ወርዱ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። ስድስት ካሬ ተኩል ቢሆን ነው። መሀል ቆሜ እጆቼን ስዘረጋ የግራውም የቀኙም ካቢኔት ደረሰልኝ። መጀመሪያ ሳየው እውነቱን ለመናገር መተላለፊያ ነው የመሰለኝ። አስጎብኚያችን ወይዘሮ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "እስቲ ድንች ልጠሽ ቀቅይ፤ ስንት እርምጃ ትሄጃለሽ?" በባዶ እጄ አስመሰልኩ። መስኮቱ ሥር የሚሽከረከር በርጩማ አለ። ቁጭ ብዬ "ላጥኩ"። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ክፍተት አለ፤ ልጣጩን በእጅ ጠረግ ሲያደርጉት ከሥሩ ወዳለው የብረት መሳቢያ ይወርዳል። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ዞርኩ፤ ከዚያ ወደ ምድጃው። ያስቆጠረኝ ሁለትና ሦስት እርምጃ ብቻ ነው።

ዱቄት፣ ሩዝና ስኳር የሚቀመጡት ስማቸው በተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ነው። እጀታና አፍ ስላላቸው ተስበው ወጥተው በቀጥታ ድስት ላይ ይገለበጣሉ። የዱቄቱ ማስቀመጫ ከኦክ እንጨት እንዲሠራ የተደረገው እንጨቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነቀዝን ያርቃል ተብሎ ነው። መክተፊያው ከቢች እንጨት ነው፤ ቢላዋም ቀለምም ቶሎ አይጎዳውም። የታጠበ ሳህን ሳይወለወል ቆሞ የሚደርቅበት መደርደሪያ አለ። መብራቱ በጣሪያው ሐዲድ ላይ ተንሸራቶ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። የካውያ ጠረጴዛው ከግድግዳ ይታጠፋል። ካቢኔቶቹ ደግሞ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በዚያ ዘመን ዝንብ ሰማያዊ አይወድም ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን፣ ቀለሙ ያምራል።

ይህን ወጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 የነደፈችው ቪየናዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ናት። ያኔ ዕድሜዋ 29 ነበር። የሚያስገርመው፣ እስከዚያ ድረስ ወጥ ቤት ገብታ አብስላ እንደማታውቅ በኋላ ራሷ ተናግራለች። ታዲያ እንዴት አወቀችበት? ለካች። የሴቶችን የቤት ሥራ በሰዓት ቆጣሪ እያስለካች እያንዳንዷን እርምጃ መዘገበች። የባቡር ምግብ ቤቶች በጠባብ ቦታ ለብዙ መንገደኛ እንዴት እንደሚያበስሉ አጠናች። አሜሪካዊቷ ክርስቲን ፍሬድሪክ ስለ ቤት አያያዝ የጻፈችውን አነበበች። ዓላማዋ ውጭ ሠርታ የምትገባ ሴት ለራሷ የሚተርፍ ሰዓት እንድታገኝ ነበር። በኋላ ናዚዎችን በመቃወሟ እ.ኤ.አ. በ1941 ታስራ ጦርነቱ ሲያበቃ ተፈታች። 103 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሯት በ2000 እስክታርፍ ድረስ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለዚች ወጥ ቤት ብቻ ስለነበር ማማረሯ አልቀረም።

ጉድለትም አለው። ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እህቴና እኔ ገብተን አንዳችን ለመዞር ሌላችን መውጣት ነበረብን። ሳሎኑ በተንሸራታች በር የተለየ ነው። በሩ ሲከፈት ከምድጃው እስከ ምግብ ጠረጴዛው 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ እናት ልጆቿን ታያለች። ሲዘጋ ግን ብቻዋን ናት። አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ ሌላዋ የምታወራበት፣ ልጅ በእግር መሀል የሚሽሎከሎክበት የእኛ ወጥ ቤት እዚህ አይገባም። ልኩን ሳይሆን አለካኩን ነው መውሰድ ያለብን ብዬ አሰብኩ።

ምክንያቱም እኛ አገር የሚለካው ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ቤት ስንሠራ ሳሎን የሚያየውን ወጥ ቤት በግራናይትና በሚያብረቀርቅ ነጭ ካቢኔት እናሳምረዋለን። እንጀራው የሚጋገረው፣ ቁሌቱ የሚቁላላው ግን ከኋላ፣ ሰርቪስ ቤቱ አጠገብ ባለ ጨለማ ክፍል ነው። ውስጠኛው ሻይ ይፈላበታል፣ እንግዳ ያደንቀዋል። እናቶቻችንና የቤት ሠራተኞቻችን ቀኑን የሚውሉት እንግዳ በማያይበት በኩል ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ኋላ የሚባል የለም። ለእንጀራና ለእርድ ተብሎ የጋራ መገልገያ ቤት ቢሠራም፣ አብዛኛው ሰው ምጣዱን ይዞ የሚጋግረው በረንዳ ላይ ወይም እዚያችው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

የገበያው ካቢኔት ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የምጣዳችን ወርድም ወደ 60 ይጠጋል፤ መያዣው ሲጨመር ይበልጣል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ቢወጣ ተርፎ ይንጠለጠላል። ቁመቱም አይስማማም። 90 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ምጣድ ሲጨመርበት አጠር ያለች ሴት ሊጥ ለማዞር ክንዷን እስከ ትከሻዋ ማንሳት አለባት። ለምጣድ ከሌላው ዝቅ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል፤ አጠገቡም የሊጥ ባልዲና ሰፌድ ማረፊያ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ይህ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ካልታሰበ በኋላ ሴራሚክ ማፍረስ ነው። የእንፋሎቱም ነገር አለ። ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኘው ጠርዙ ያብጣልና፣ ከምጣዱ በላይ መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ሳይኖር ውድ ካቢኔት መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው።

እኛም ቤት እያስጨረስን ነው። ካቢኔት ሠሪው ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ከለሩ ምን ይሁን?" የሚል ነበር። አብራን የምትኖረው እናቴ መልስ ሳትሰጠው ሄዳ ምጣዷን ከነአክንባሎው አስመጣችና ወለሉ ላይ አስቀመጠችለት። "ይኸውልህ ልጄ፤ አክንባሎው ሲነሳ የት እንደሚያርፍም አብረህ ለካ" አለችው። ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ምጣዱ ከኋላ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መስኮቱም ወደ ግቢው በር ዞሯል፤ ማን እንደሚመጣ ማየት ትወዳለቻ። የተንሸራታች በሩ ዋጋ ግን እኔንና ባለቤቴን ገና እያከራከረን ነው።