ሟቹ ነጋዴ የከፈለልኝ ወንበር

ለንደን ውስጥ ሳይከፍሉ መቀመጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ካፌ የገባ ያዝዛል፤ ባቡር የሚሳፈር ካርዱን ያስነካል፤ አንዳንድ ቦታ ሽንት ቤት እንኳ ሳንቲም ካልጎረሰ በሩን አይከፍትም። እያንዳንዱን ፓውንድ ወደ ብር እየመታ ለሚሳቀቅ እንግዳ ቀኑ ይረዝምበታል። ሙዚየም አለ እንዳትሉኝ፤ ሙዚየም ያስቆማል እንጂ አያስቀምጥም። እኔን ያሳረፉኝ የኮሌጆቹ ነጻ ሌክቸር፣ የግጥም ንባብና ኮንሰርት ናቸው።

ከሁሉም አስቀድሞ ግሬሻም ኮሌጅ። ኮሌጅ ይባል እንጂ ተማሪ አይመዘግብም፣ አይፈትንም፣ ዲግሪም አይሰጥም። ሥራው ለመጣ ሁሉ ማስተማር ብቻ ነው። ሆልቦርን በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ በሱቆች መሃል በተሰነቀረ ጠባብ መተላለፊያ ገብተው ሲዘልቁ በርናርድስ ኢን የተባለው አሮጌ አዳራሽ ይገኛል። ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ፣ መስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት ነው። በር ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ከዝርዝሩ አይታ ፈገግ አለችና አሳለፈችኝ። መታወቂያ ያልጠየቀችኝ ለምን እንደሆነ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ልክ ሰዓቱ ሲደርስ አንዲት ሴት ተነሥታ የተናጋሪውን ስም ጠራች፤ እሱም ጀመረ። የክብር እንግዳ አልተጠበቀም፣ የመክፈቻ ንግግር አልነበረም፣ ማይክራፎኑን «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ የሚኮረኩም ሰው የለም። አንዱ ሰዓት ሲሞላም አለቀ። የኛ ሰው ቢሆን ገና እንግዶችን እያመሰገነ ነበር።

የዚህን ወንበር ዋጋ የከፈለው ሰር ቶማስ ግሬሻም ነው። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የገንዘብ ሰው ነበር፤ ሮያል ኤክስቼንጅ የተባለውን የነጋዴዎች መገናኛ ያሠራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1579 ሲሞት፣ ሚስቱ ካለፈች በኋላ የኤክስቼንጁ ኪራይ ሰባት ፕሮፌሰሮችን እንዲያስተዳድር ተናዞ ነበር። እሷ በ1596 ዐረፈች፣ በ1597 ትምህርቱ ተጀመረ፦ ሥነ ፈለክ፣ ነገረ መለኮት፣ ጂኦሜትሪ፣ ሕግ፣ ሙዚቃ፣ ሕክምና፣ የንግግር ጥበብ። ደመወዛቸው በዓመት 50 ፓውንድ፤ ሚስት ያለው አይቀጠርም ነበር። ትምህርቱ አንዴ በላቲን፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያው የሙዚቃ ፕሮፌሰር ጆን ቡል ግን ላቲን ስለማያውቅ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል።

ይህን ሳነብ በልቤ የመጣው ጉልት ነው። የመሬቱ ግብር ለደብሩ ይገባ ነበር፤ ካህኑ ይቀድሳል፣ የኔታ ያስተምራሉ፣ ተማሪው አይከፍልም። ከፋይ ግን ነበረ፤ አራሹ ገበሬ። የቆሎ ተማሪ ደጅ ቆሞ ሲለምን ቁራሽ የሰጠችው ባልቴትም ከፋይ ናት። ግሬሻም ዘንድ ደግሞ ከፋዩ በኤክስቼንጁ ፎቅ ላይ ሱቅ የተከራየው ሻጭ ነበር፤ እሱ ኪራዩን ካላገባ የሥነ ፈለኩ መምህር ጾሙን ያድር ነበር። «ነጻ» በተባለ ቁጥር ሒሳቡ የት እንዳለ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከፋዩ እጁን ሲሰበስብ የሚሆነውንም እዚያው ግሬሻም ውስጥ እናገኘዋለን። ሮበርት ሁክ ከ1665 ጀምሮ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ እስከ ሞተበት እስከ 1703 ድረስ እዚያው ኮሌጁ ውስጥ ኖሯል። ሰር ጆን ከትለር የተባለ ሀብታም ነጋዴ ለተጨማሪ ትምህርት በዓመት 50 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባለት፤ ከዚያ መክፈሉን ተወ። ሁክ ከሰሰ። ፍርዱን ያገኘው በ1696፣ ከትለር በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሰሚ አንድም ሰው ስላልመጣ ሳያስተምር የዋለባቸውን ቀኖችም በማስታወሻ ደብተሩ ጽፏል። ከዚያ ቀደም ግን ሌላው የኮሌጁ መምህር ክሪስቶፈር ሬን አስተምሮ ሲጨርስ አድማጮቹ ቁጭ ብለው ተወያይተው ሮያል ሶሳይቲን የመሠረቱት በኅዳር 1660 በዚሁ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ቀን የሳይንስ ማኅበር ሲያስወልድ፣ ሌላው ቀን ባዶ ወንበር ሲያይ ይውላል።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያለው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ብሉምስበሪ በተባለው ሰፈር ነው። በ1826 ሲቋቋም ተማሪውን ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ በመቀበሉ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ሆነ። የምሳ ሰዓት ሌክቸር የሚባለውን የጀመረው በ1942፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ነው። ምሳን ይዞ መግባት ነውር የለውም። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ፖም እየገመጡ ሰሙ፤ ሲጨርሱ እንብርቱን በመሐረብ ጠቅልለው ኮት ኪሳቸው ከተቱት። ጥያቄ ሲፈቀድ እጃቸውን አወጡና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብለው ጀመሩ። በዚህስ አዲስ አበባና ለንደን እኩል ነን።

ስወጣ ጄረሚ ቤንታምን አየሁት። ፈላስፋው በ1832 ሲሞት አጽሙ ልብሱን ለብሶ እንዲቀመጥ ተናዞ፣ ይኸው ከሰም በተሠራ ራስ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ቡናቸውን ይዘው ያልፉታል። እኔ አማተብኩ።

የግጥም ንባቡን በአጭሩ ልለፈው። ገጣሚዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ፤ እኛ ጋ ቢሆን ከኋላ «ይደገም!» የሚል አይጠፋም፣ እዚህ ግን ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። ኮንሰርቱ ይሻላል። ሶአስ የተባለው ኮሌጅ ከጎረቤት ነው፤ ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ የኢትዮጵያ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው ያስተማሩበት ቤት ነው። እዚያ አንድ የምዕራብ አፍሪካ ኮራ ደርዳሪ ሰማሁ። ኮራ 21 አውታር አለው፣ የኛ በገና ዐሥር። ሰውየው የሚደረድረው በሁለት አውራ ጣቶቹና በሁለት ሌባ ጣቶቹ ብቻ ነው፤ የቀሩት ጣቶች እጀታውን ይዘዋል። እኔ ከሙዚቃው ይልቅ ጣቶቹን ሳይ ኮንሰርቱ አለቀ ማለት ይቻላል።

በየአዳራሹ አንድ ነገር አስተውያለሁ። አብዛኛው አድማጭ ጡረተኛ ነው፣ ከዚያ ተማሪ። በዚህ ከተማ ከገንዘብ ይልቅ ሰዓት ውድ ነውና፣ ነጻ ወንበር የሚያገኘው ነጻ ሰዓት ያለው ነው። በምሳ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ እዚህ ያሉት የአገሬ ልጆች ወይ ሥራ ላይ ናቸው ወይ ወደ ሥራ እየሄዱ ነው።

አንዱን ሥራው ላይ አገኘሁት። ከእነዚህ አዳራሾች በአንዱ ስለ ከዋክብት ዕድሜ ሰምቼ ስወጣ፣ በር ላይ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ሀበሻ ነዎት አይደል?» አለኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሌክቸሩን ይሰማ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሳልሰማው የሚያልፍ የለም» አለ። «ግን በየመሃሉ ሕንፃውን መዞር አለብኝ። መጀመሪያውን እሰማለሁ፣ ስመለስ ሌላ ነገር ላይ ደርሰዋል። አሁን ለምሳሌ ፀሐይ ታብጣለች ሲሉ ሄድኩ። ከዚያስ?»

ከአምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ አብጣ ቀይ እንደምትሆን፣ ከዚያም የላይኛውን ገላዋን አራግፋ ምድርን የምታክል ነጭ ፍም ብቻ እንደምትቀር ነገርኩት።

ሰዓቱን አየና «እሱስ ደህና» አለ፤ «ፈረቃዬ ከዚያ በፊት ያልቃል።»