ባለቤት የሌለው ማገዶ

ውድ ወጣቶች፣ ማገዶ ለቅማችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዶቻችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ያደጋችሁ ትሆናላችሁ። እኔ በማገለግልበት በመካነ ሰላም ግን የብዙው ቤት ሙቀት የሚመጣው ከምድጃ ነው። ከተማችን ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በክረምት ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እንጀራ ከተጋገረበት የተረፈው ፍም ቡና ያፈላል፤ ማታ ሽማግሌውም ሕፃኑም ዙሪያውን ይቀመጣል። ማገዶ የሌለው ቤት በጊዜ ይተኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ለአራት አረጋውያን ማገዶ ልናደርስ ተነሣን። አንድ ሸክም እንጨት የምንገዛበት ገንዘብ እንኳ አልነበረንም። “ነጻ ማገዶ ሞልቶ የለም እንዴ?” አልኳቸው። ደንቆሮ ጫካ እንደማይነካ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ስለዚህ በከተማው ዳር ካለ የባሕር ዛፍ ተክል ሥር የወደቀውን ልንለቅም ተስማማን። ባለቤቱንም አስፈቀድን። “ከመሬት ያለውን ውሰዱ” አለን።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሁለት ሆነን ወጣን። እየዘመርን ጭራሮውን አሰርን፤ ቅጠሉን ጠርገን በማዳበሪያ ሞላን፤ የተላጠውን ቅርፊት ሳይቀር ሰበሰብን። ከሰዓት ላይ መሬቱ አውድማ መስሎ ነበር። በአራቱም ቤት ተመረቅን፤ እሑድ በጉባኤ ፊት ተመሰገንን። አልዋሻችሁም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ በዚያ ሳልፍ አንዲት እናት ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ከዛፎቹ መካከል ቆመው አየሁ። ሙስሊም ናቸው፤ በመልክ አውቃቸዋለሁ። ለሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ሰላም ብያቸው ምን እንደጠፋባቸው ጠየቅሁ።

“ቅጠሌን ነው ልጄ። በየሁለት ቀኑ ከዚህ እጠርግ ነበር። ልጆች መጥተው ወሰዱት አሉኝ።”

የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለሚንቦገቦግ ለምጣድ ተፈላጊ ነው። እኛ ግን ማንም የማይፈልገው ነገር መስሎን ነበር። የማን ልጆች እንደወሰዱት ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል፣ “አብሽር፣ ነፋስ ሲነፍስ ሌላ ይወድቃል” ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

በዚያ ምሽት ዘሌዋውያን 19ን ገለጥሁ። እግዚአብሔር ሕዝቡን እርሻቸውን እስከ ዳር ድረስ እንዳያጭዱ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተዉ አዝዞ ነበር። ስለ ሩትና ስለ ቦዔዝ እርሻ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ለካ የድሃ ቃርሚያ ጠርጌ የወሰድሁት እኔ ነኝ። የተክሉ ባለቤት ፈቅዶልናል፤ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ የወደቀው ነገር ሌላ ባለ መብት አለው። ደግሞም 1ኛ ነገሥት 17ን አስቡ። ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት ያገኛት በከተማው በር እንጨት ስትለቅም ነበር። ከእርሷ ቀድመን ደርሰን በሩን ጠርገነው ቢሆንስ?

ነጻ የምንለውን ማገዶ የሚከፍልልን አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር አለ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት የአካባቢዋን ደን በማገዶና በቤት ሥራ ጨርሳ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩአት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ በኋላም እናቶች ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎብጠው ሲወርዱ ኖረዋል፤ የነጻው ማገዶ ዋጋ በእነርሱ ጀርባ ላይ ነበር። በእኛም አገር እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል። ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው ፍግ አመድ ሲሆን ዋጋውን ገብሱ ይከፍላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ወጣቶች አስከትዬ ወደ እኚያ እናት ቤት ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። አንድ ሸክም እንጨትም ይዘን ነበር። ተቀበሉን፣ ቡና አፈሉልን። ለእሳቸውም በየጊዜው ማገዶ እንደምናመጣ ስንነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “እናንተ አንድ ቀን ታመጣላችሁ፤ እኔ የምጋግረው ሁልጊዜ ነው። ቅጠሉን ብቻ ተዉልኝ።”

ያ ቃል አሠራራችንን ለወጠው። አሁን ለአረጋውያኑ የምናደርሰው ከየራሳችን ጓሮ የመለመልነውን ቅርንጫፍና ከእንጨት ሥራ ቤት ጠይቀን ያገኘነውን ሰጋቱራ ነው። ባሕር ዛፉን ነቅሎ መሬቱን ሊያርስ የሚፈልግ ገበሬ ሲገኝም ጉቶውን ቆፍረን እንፈልጣለን። ጉቶ መፍለጥ መዳፍ ይልጣል፤ ግን አንዲት አሮጊት ከጉቶ ጋር ልትታገል አትችልም። ጉልበት ያለው ጉቶውን ይፍለጥ፣ ጭራሮው ለደካማው ይቅር ብለናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በጎ ሥራ ለመሥራት አትፍሩ። ነገር ግን ነጻ ነገር ስታገኙ፣ “ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። “ይህን እስከ ዛሬ ማን ሲጠቀምበት ኖረ?” ብላችሁም ጠይቁ። የእርሻውን ባለቤት ማግኘት ቀላል ነው፤ ቃራሚዋን ለማግኘት ግን ማልዶ መውጣት ያስፈልጋል። ጌታ የሚያይ ዓይን ይስጠን።