ለከተማም ለጫካም የሚሆን ሽጉጥ ፍለጋ፦ ከአንኮሬጅ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ ማታ። ከሲያትል አንኮሬጅ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በረራ ነው፤ 2,300 ኪሎ ሜትር ግድም። ደርሶ መልሱን 340 ዶላር ቆረጥኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሱ እንጀራው ይበዛል፤ ጓደኛዬ "ሌላ ምንም አትያዝ፣ እንጀራ ብቻ" ብሎኛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስናርፍ የሐምሌ ፀሐይ ገና ተራራው ላይ ነች። ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ፣ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ቡናማ ድብ አለ። እጄን በመስታወቱ ላይ ዘርግቼ ከመዳፉ ጋር አስተያየሁት፤ ጥፍሩ ብቻውን የጣቴን ያህል ይረዝማል። የመጣሁበት ጉዳይ እዚያው ቆሞ የጠበቀኝ መሰለኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ካለፈው ፀደይ ጀምሮ ከመሬት ቀያሾች ጋር ይሠራል። መሣሪያቸውን ተሸክሞ ጫካ ለጫካ መሄድ ነው ሥራው። ክረምት ሲገባና በረዶው ሲጥል ደግሞ ከተማ ውስጥ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። አለቃው የድብ መከላከያ እንዲይዝ መከረው፤ እሱም "አንድ ሽጉጥ ለሁለቱም ይሁነኝ፣ ለጫካውም ለታክሲውም" አለ። ሁለታችንም የጎጃም ልጆች ነን፣ ጠመንጃ ብርቃችን አይደለም፤ ያደግነው ምንሽርና ዲሞትፈር በተሰቀለበት ቤት ነው። ሽጉጥ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ አብረን እንምረጥ ብሎ ጠራኝ። ማታ ሽሮና ጥብስ ዓሣ በልተን፣ መጋረጃውን ዘግተን ውጭው ገና ሳይጨልም ተኛን።

ዓርብ። ጠዋት ቡና ላይ ሳለን ባለቤቱ መስኮቱን አሳየችን። ግቢው ውስጥ አንዲት ሙስ ከነጥጃዋ የበርች ቅጠል ትቀነጥባለች። ሙስ ከአጋዘን ወገን ናት፤ ቁመቷ ፈረስን ያስንቃል፣ ወንዱ እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል። "ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳደርስ የምፈራው ድብ አይደለም፣ እሷን ነው" አለች። አላስካ ውስጥ ከድብ ይልቅ ሰው የሚጎዳው ሙስ ነው። ምክሩም የተለያየ ነው፦ ከድብ ፊት አትሩጥ፣ ሙስ ከመጣችብህ ግን ሩጥና ከዛፍ ወይም ከመኪና ጀርባ ግባ። እስክትሄድ ድረስ ማንም ከቤት አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያ መሸጫው ሄድን። ካፊያ ነበር። ሱቁ ሰፊ ነው፤ ግማሹ የዓሣ ማጥመጃና የጎማ ሱሪ፣ ግማሹ መሣሪያ። ሻጩ ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ገና "ለድብ የሚሆን" ስንለው ስለ ጥይት ከመናገሩ በፊት "ጫካ ውስጥ ምን ለብሰህ ነው የምትሠራው? ጀርባህ ላይ ምን ትሸከማለህ?" ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ ግራ ገባው። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባን፦ የጀርባ ቦርሳ ቀበቶ ወገብን ስለሚይዝ፣ የዓሣ አጥማጅ የጎማ ሱሪም እስከ ደረት ስለሚደርስ፣ ወገብ ላይ የታጠቁት ሽጉጥ ሲፈለግ አይመዘዝም። ለዚህ ነው የዚህ አገር ሰው ደረቱ ላይ በተሻገረ የቆዳ ማህደር የሚይዘው። ከተማ ውስጥ ግን ደረት ላይ የታሰረ ሽጉጥ ሸሚዝ አይደብቀውም። የሁለቱ ፍላጎት ጠብ የጀመረው ገና ከማህደሩ ነው።

ሻጩ አንዱን መሣሪያ ሲያነሳ በየጊዜው አንድ ነገር ያደርጋል፤ ካዝናውን ያወጣል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ በትንሽ ጣቱ ይነካል፣ ለእኛም ያሳየናል፣ ከዚያ ነው የሚሰጠን። አሥር ጊዜ ቢያነሳ አሥር ጊዜ። ይህን ልማድ ወደድኩት።

በመጀመሪያ ያሳየን ሪቮልቨሮቹን ነው። .44 ማግነም፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው፣ ስድስት ጥይት የሚጎርስ፣ የአላስካ ነባር የድብ ሽጉጥ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው .500 ደግሞ አምስት ብቻ ይጎርሳል፤ አጭሩ እንኳን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ በሁለት እጄ ስይዘው ለሽጉጥነት የበዛ ብረት መሰለኝ። ቀጥሎ በቀላል ብረት የተሠራ .44 አመጣ፤ 700 ግራም ብቻ። ጓደኛዬ ፊቱ በራ። ሻጩ ግን "ይህን ቀን ሙሉ መሸከም ደስ ይላል፣ መተኮሱ ግን ሌላ ነው፤ ሳትተኩስ አትግዛው" አለው። በመጨረሻ ያወጣው ግሎክ 20 ነው፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ካዝናው 15 ጥይት የሚይዝ፣ ሲጎርስ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ። በግሪንላንድ በረዶ ላይ በውሻ ጋሪ ድንበር የሚጠብቁት የዴንማርክ ሲሪየስ ወታደሮች ለዋልታ ድብ የሚይዙት እሱን ነው።

ስለ ጉልበታቸው ሲያስረዳን ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ከተማ ውስጥ የሚይዘው 9 ሚሊ ሜትር 500 ጁል ያህል፣ 10 ሚሊ ሜትር 900 ያህል፣ .44 ማግነም ከሺህ በላይ፤ የ12 ጌጅ ጠመንጃ አንድ ወፍራም አረር ግን ከ3,000 ይበልጣል። ሽጉጥ የቱንም ያህል ቢተልቅ ከጠመንጃ ጋር አይተካከልም። ሽጉጥ የሚመረጠው እጅ በሥራ ሲያዝም ከሰውነት ስለማይለይ ብቻ ነው።

ከዚያ ሁለት ጥይት ጎን ለጎን አስቀመጠልን። የአንደኛው አረር አፉ የተቦረቦረ ነው፤ ሥጋ ሲያገኝ አፉ ይሰፋል፣ ጥልቅ ሳይሄድ ይቆማል፤ ለከተማ የሚመረጠው አልፎ ሌላ ሰው እንዳይመታ ነው። የሁለተኛው ጠንካራ የእርሳስ ድብልቅ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ፤ በድቡ ስብና ጡንቻ አልፎ አጥንት ሰብሮ እንዲገባ የተሠራ። ለድብ የሚበጀው ከተማ ውስጥ አልፎ ጎረቤት ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ለከተማ የሚበጀው ድብ ላይ ስቡ ውስጥ ይቀራል። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሁለቱን በጣቱ ያንከባልላቸው ነበር። "አንድ ሽጉጥ ለሁለቱም" የሚለው ሐሳቡ ያኔ እንደላላ ገባኝ። ሳንገዛ ወጣን።

ቅዳሜ። አለቃው፣ ስድሳን ያለፈ ሰው፣ ሦስት የራሱን ሽጉጦች ይዞ ራቢት ክሪክ ወሰደን። ከከተማው ደቡብ፣ በባሕሩ ሰላጤ ዳር፣ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ የሚያስተዳድረው የኢላማ ሜዳ ነው። ተኩስ ሲቆም ሁሉም ሰው መሣሪያውን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል፤ ማንም አይነካም።

መጀመሪያ ሱቅ ያየነውን የመሰለ ቀላል .44 ጓደኛዬ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን መሐሉን በሳው፤ ሽጉጡ ግን ግንባሩ ድረስ ተነሳ። ሁለተኛው ወረቀቱን ሳተ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። እኔም ሞከርኩ፤ ርግጫው መዳፌን አቃጠለው፣ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ቆዳ ቀላ፤ ማታ ጉርሻ ስጠቀልል ድረስ ይሰማኝ ነበር። አለቃው ከባዱን .44 ሰጠን፤ ክብደቱ ርግጫውን ስለሚውጠው ይሻላል። ግሎኩን ስንይዝ ግን ሁለታችንም ተከታታይ ጥይት ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ ቻልን።

አለቃው ስሌቱን በእግሩ አሳየን። ሃያ አምስት እርምጃ ሄዶ ቆመና "ድብ ከዚህ ተነስቶ እናንተ ጋ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይሞላውም" አለ። ድብ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሮጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማየት፣ መምዘዝ፣ ማነጣጠርና ከአንድ በላይ መተኮስ አለ። "ከባዱ መሣሪያ መኪና ውስጥ ይቀራል፣ ቀላሉ ከአንድ ጥይት በኋላ ያስፈራሃል። ሁለተኛውን ጥይት በትክክል የምታሳርፍበትን ግዛ።" ጓደኛዬ ከትናንቱ ሁሉ ይልቅ ይህን ነው የያዘው።

እሑድ። ወደ ኩፐር ላንዲንግ፤ 160 ኪሎ ሜትር። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ጭቃማ ባሕር። ፖርቴጅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964ቱ፣ መጠኑ 9.2 በሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ ሰምጦ ጨው ውኃ የገደላቸው ዛፎች እስካሁን ደርቀው ቆመዋል። ኬናይ ወንዝ ስንደርስ ሰማዩ ተገለጠ፤ ውኃው ከበረዶ ግግር በሚመጣ ደቃቅ አፈር ምክንያት ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ ራሺያን ወንዝ የሚገባበት ቦታ ላይ ግን የድንጋዩ ጠጠር ይቆጠራል። ቀይ ሳልመን ሽቅብ የሚወጣበት ወቅት ነው። አጥማጆች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል፤ ብዙዎቹ ደረታቸው ላይ ሽጉጥ፣ ቀበቶአቸው ላይ የድብ ስፕሬይ አለ። ያጸዱትን ዓሣ አጥንት እየቆራረጡ ፈጣኑ ውኃ ውስጥ ይጥሉታል፤ ሽታው ዳር ላይ ቀርቶ ድብ እንዳይጠራ።

አለቃው እዚያ ነው ስለ ስፕሬዩ የነገረን። ከሽጉጡ በፊት ያለው መሣሪያ ይህ ነው። የበርበሬን ማቃጠል የሚሰጠው ንጥረ ነገር ተጨምቆ የተሞላበት ቆርቆሮ ነው፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሜትር ድረስ ደመና ይሠራል። ቶም ስሚዝና ባልደረቦቹ የአላስካን የድብ ግጭቶች መዝገብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳወጡት፣ ስፕሬይ ይዘው ከድብ ጋር በቅርብ ከተገናኙት 98 በመቶው ሳይጎዱ ተርፈዋል። በ2012 ደግሞ መሣሪያ ከያዙት መካከል በተኮሱትና ባልተኮሱት ዘንድ በመጎዳት ረገድ ልዩነት እንዳላገኙ ጻፉ። አለቃው በውኃ በተሞላ መለማመጃ ቆርቆሮ ደጋግሞ አስተኮሰን። ነፋስ ወደ ራስህ ከነፈሰ ግን ራስህን ትረጫለህ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ቡናማ ድብ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ከወንዙ ማዶ ከቁጥቋጦው ወጣች። ከእኛ ወደ ስልሳ ሜትር። አጥማጆቹ አልጮኹም፣ ማንም እጁን ወደ ደረቱ አልሰደደም፤ ክራቸውን ሰብስበው፣ ዓሣቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ አንድ ላይ ወደ ኋላ ሄዱ። አንድ ሽማግሌ በደንብ በሚሰማ ድምፅ "እዚህ ነን እናቴ፣ እዚህ ነን" ይላታል። ቀና ብላ በአፍንጫዋ አየሩን ሳበች፤ ውኃ ውስጥ ገባች፣ አንድ ሳልመን ነጠቀች፣ ተመለሰች። ምን አይታ እንደተመለሰች አልገባኝም፤ የእኔ ልብ ግን ረጅም ጊዜ አልተረጋጋም።

ስንመለስ አለቃው ሰው ድብ ቢገድል ምን እንደሚከተል ነገረን። ሕይወትን ለማዳን መተኮስ ተፈቅዷል፤ ድቡ የመጣው ሰውየው በቸልታ በተወው ምግብ ወይም በነካካው ምክንያት ከሆነ ግን አይፈቀድም። የገደለ ሰው ቆዳውንና ጭንቅላቱን ገፎ ለመንግሥት ያስረክባል፣ በ15 ቀን ውስጥም በጽሑፍ ያሳውቃል።

ሰኞ። ክርክሩ የነበረው ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጫካውን አልተቃወመችም፤ ታክሲውን ነው። አላስካ ውስጥ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ይችላል። ነገር ግን ፖሊስ ሲያነጋግረው መያዙን ወዲያው መናገር ግዴታው ነው። "ሌሊት፣ በበረዶ፣ ጥቁር ሰው ሆነህ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ 'ሽጉጥ ይዣለሁ' ልትለው ነው?" አለችው። ዝም አለ። "ልጆቹስ?" አለች ቀጥላ። እኔ የእሷን ሐሳብ ደገፍኩ፤ የታክሲው ደኅንነት ካሜራና የተቆለፈ በር ነው፣ ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ በእጅ ያለ ሽጉጥ ከማንም ሌባ ይልቅ ያሰጋል። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ለጫካው ብቻ፣ ቤት ሲመለስ በቁልፍ ሣጥን።

ሱቁ ተመልሰን ግሎክ 20ውን፣ የደረት ማህደሩን፣ ጠንካራ አረር ያላቸውን ጥይቶች፣ የብረት ሣጥኑንና ሁለት ስፕሬይ ገዛ፤ ሁሉም አንድ ላይ ከ1,000 ዶላር አለፈ። ስፕሬዩ እያንዳንዱ 50 ዶላር ነበር። 4473 የተባለውን ፎርም ሞላ፤ ወንጀል፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ዜግነት ሁሉ ይጠየቅበታል። ማሪዋና በአላስካ ሕግ ቢፈቀድም በፌዴራሉ ስላልተፈቀደ የሚጠቀም ሰው መግዛት እንደማይችል ፎርሙ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ማጣሪያው ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። እኔ የዋሺንግተን ግዛት ነዋሪ ስለሆንኩ ብፈልግም እዚህ ሽጉጥ መግዛት አልችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ከመኖሪያ ግዛት ውጭ ከልክሏል።

ወደዚያ ለምትሄዱ ወገኖች፦ የድብ ስፕሬይ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ እዚያው አንኮሬጅ ደርሳችሁ ግዙ። ጫካ ከመግባታችሁ በፊት በመለማመጃው ቆርቆሮ ሞክሩት፤ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ቀበቶ ላይ ያዙት።