ሳሎን የገባችው አሮጌ ኮምፒውተር

ቤታችሁ ጥግ አቧራ የለበሰች አሮጌ ኮምፒውተር ካለች ለቆራሌው አትሽጧት። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኟትና የቤተሰቡ ፊልም ቤት፣ የፎቶ አልበምና የሙዚቃ ሣጥን ትሁን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ካቆመ ወዲህ ብዙ ጤነኛ ማሽኖች ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጥተዋል። ሊኑክስ ግን ያለ ክፍያ ወደ ሥራ ይመልሳቸዋል።

የትኛው ሊኑክስ? የሚያውቁ ሰዎችን ብትጠይቁ አሥር ስም ይደረድሩላችኋል። እኔ ወላይታ ሶዶ ላለው ቤታችን ስመርጥ መመዘኛዬ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት አማቴ ብቻቸውን ሊጠቀሙበት ይችላሉ ወይ?

ምክንያት አለኝ። አማቴ ለልጅ ልጆቻቸው በወላይትኛ ያወሩት ተረት፣ የጊፋታ በዓል ጭፈራ፣ የባለቤቴ ሟች አባት ድምፅ ያለበት ሃርድ ዲስክ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ልጆቻችን ደግሞ በየቀኑ ወደ አማርኛው እያዘነበሉ፣ የአያታቸው ቋንቋ በቤታችን የሚሰማበት ሰዓት እያጠረ ሄደ።

በመጨረሻ የመረጥኩት ሊብሬኢሌክን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ይህ ሥርዓት ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ ከመክፈት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ማሽኑን ስታበሩ በቀጥታ የፊልም፣ የሙዚቃና የፎቶ ዝርዝር ይመጣል። ከዲሽ ሪሲቨር ጀርባ ፍላሽ ከመሰካት የሚሻለው ሁሉንም በየፈርጁ ማስቀመጡና ያቆማችሁበትን ቦታ ማስታወሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ መብራት ነው። 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 የቆመው እዚሁ በዞናችን ጫፍ፣ ኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ያም ሆኖ ፊልሙ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም የሚልበት ምሽት አይጠፋም። የሊብሬኢሌክ ዋና ፋይል ለንባብ ብቻ የታሸገ ስለሆነ በድንገተኛ መጥፋት በቀላሉ አይበላሽም። የቤተሰብ ቅጂዎቻችሁን ግን በሌላ ዲስክም አስቀምጡ፤ ለእነሱ ዋስትና የሚሆን ሥርዓት የለም።

ልጆቻችሁ በዚያው ማሽን የቤት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ምርጫው ይለያል። ሊኑክስ ሚንትን ጫኑና ኮዲን በላዩ ጨምሩ። ዋጋው ማሻሻያውን፣ የይለፍ ቃሉንና የተከፈተውን መስኮት ሁሉ የሚከታተል ሰው ማስፈለጉ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሊብሬኢሌክ ሲጫን የመረጣችሁትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፤ ፎቶዎቻችሁን አስቀድማችሁ ገልብጡ። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ምረጡ፤ ኤችኢቪሲ በተባለው ዘዴ የተጨመቁትን አብዛኞቹን ቪዲዮዎች ሳይንገዳገድ ያጫውታል። ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የቴሌቪዥኑን ሪሞት አይሰሙም። ኮሬ የተባለው የስልክ መተግበሪያ በቤታችሁ ዋይፋይ ሪሞት ይሆንላችኋል፤ ለዚህ የኢንተርኔት ፓኬጅ አያስፈልግም። ስልክ ለማይመቻቸው ግን ትንሽ ገመድ አልባ ኪቦርድ ግዙ። አራተኛ፣ ኮዲ ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ፊልምና ዘፈኑን የምትሞሉት እናንተው ናችሁ።

የአማቴ ኪቦርድ ላይ ሦስት ቁልፎች ብቻ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ክፈት። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የአያታቸውን ድምፅ ደጅ ድረስ ይሰሙታል። ትንሿ ልጄ ተረቱ ውስጥ ያልገባት ቃል ሲያጋጥማት ቪዲዮውን ታቆምና ዞር ብላ ከጎኗ የተቀመጡትን ባለታሪኳን ትጠይቃለች። እሳቸውም ከቴሌቪዥኑ በበለጠ አስረዝመው ይመልሱላታል።

እናንተም ለቤታችሁ ስትመርጡ የባለሙያ ምክር ስሙ፤ የመጨረሻውን ፈተና ግን ለቤቱ ትልቅ ሰው ተዉት።