የዶሮ ወጡ ዕንቁላል ያስተማረን

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ መርካቶ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ምሳችንን ከቤት ቋጥረን እንሄዳለን። በመምህራኑ ክበብ አንድ ማይክሮዌቭ አለ። ብዙዎቻችን ዱባይ ተራ ተደርድሮ ከማየት በቀር ነክተነው አናውቅም። ይሁን እንጂ አናውቅም ማለት አፈርን። የሳይንስ መምህራን ልንሆን አይደል እንዴ!

የፋሲካ ማግስት ሰኞ አንዱ ጓደኛችን ዶሮ ወጥ ከነዕንቁላሉ ይዞ መጣ። ሻይ የሚያፈሉልን እናት አይተው፣ «ልጆቼ፣ ዕንቁላሉን ግመሱት፤ ይፈነዳል» አሉን። እኛም «እማማ ደግሞ! የተቀቀለ ዕንቁላል ምን ሆኖ ይፈነዳል?» ብለን ሳቅን።

ሰሃኑ ሲወጣ ዕንቁላሉ ደህና ነበር። ጓደኛችን በእንጀራ ጠቅልሎ ጫን ሲያደርገው ግን ጧ! አለ። ትኩሱ አስኳል ከዓይኑ ሥር ጉንጩን ለበለበው። እኛ የጥርስ ሳሙና ልንቀባው ስንሯሯጥ፣ እማማ ጎትተው ከቧንቧ ሥር አቆሙት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ወረደበት። ዓይኑ ለጥቂት ተረፈ።

ነገሩን ያጠናነው ከዚያ ወዲያ ነው። የማይክሮዌቭ ሞገድ በምግብ ውስጥ ያለውን ውሃ ያግላል። በአስኳሉ ውስጥ የታፈነው ውሃ ከመፍያው ነጥብ በላይ ይግልና፣ መውጫ ሲያገኝ ባንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ ዕንቁላል ይገመስ፤ የዕቃም ክዳን ጥብቅ ብሎ አይዘጋ። የብረት ምሳ ዕቃ ብልጭታ ስለሚፈጥር አይገባም። ከሲኒ ተራ የሚገዛ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ሰሃን ይበቃል፤ ጠርዙ ወርቃማ ቅብ ያለው ግን እሱም ይፈነጥቃል። ባዶውን ማሠራት፣ በሩ በደንብ ሳይገጥም መጠቀም ክልክል ነው። ከምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰካ። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልትም በቀጥታ በእኛ 220 ላይ አይሰካ። ሲበላሽ ደግሞ ራሳችን አንፍታው፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

በመጨረሻ እማማን «ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?» አልናቸው።

«ጠይቄ ነዋ!» አሉን።

እኛ ነገ ከሰሌዳ ፊት የምንቆም ነን። ተማሪ የማናውቀውን ሲጠይቀን፣ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ለማለት እንድፈር። ያችን ቃል አፍረን በመዋጣችን የጓደኛችንን ዓይን ልናጠፋ ነበርና።